ያልተቃናው ጥላ

ጥቅምት 5

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለፍላሽ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ እትዬሽ ደህና ናት፣ ስቱዲዮው ደህና ነው፣ በሩ አሁንም በተከፈተ ቁጥር ያቃስታል። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ከክፉ ሰውና ከርካሽ ሌንስ ይሰውርሽ።

ለምን አይደውሉም እንዳትዪኝ። በስልክ የተባለ ነገር ይተናል። ወረቀት ግን ሲፈለግ ወጥቶ ይነበባል፣ ሲያናድድም ይቀደዳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ወገቤን አልፎ አልፎ ይይዘኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ካሜራ ኋላ ጎንበስ ብዬ ሰውን ሁሉ «ቀና በሉ» ስል የኖርኩ ነኝ፤ እኔን ቀና በል ያለኝ ግን አልነበረም። እትዬሽ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ጫማዋ ግን ንጹሕ ነው፤ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ደስ ይለኛል። የጀርባዬን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ፣ «ከአከርካሪዎ አጥንቶች አንዱ ከሥሩ ካለው ላይ ወደ ፊት ተንሸራቷል፣ ነርቭ ላይ እየተጫነ ነው» አለችኝ። መፍትሔው ምንድን ነው ብላት ብሎን! ጀርባዬን ከፍታ አጥንቶቼን በብሎን ልታስራቸው። ቁም ሳጥን መሰልኳት እንዴ?

ይባስ ብሎ አዲስ መሣሪያ መጥቶልናል አለችኝ፤ ካሜራ ያለው፣ መንገድ የሚመራት። ካሜራ መንገድ ሲመራ ሰምቼ አላውቅም። አንቺ የምትሠሪው እንዲህ ያለውን ነገር ነው ብላ እትዬሽ ምላ ተገዝታ ነገረችኝ። እውነት ነው? እኔ የሠርግ ካሜራ የምትሠሪ ነበር የመሰለኝ።

ለጊዜው ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር አላሰብኩም። ብቻ የማተሚያ ወረቀት እያለቀብኝ ነው። የማያብረቀርቀውን፣ የምታውቂውን ዓይነት፣ መንገደኛ ካገኘሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ ጋሼ ፎቶ


ጥቅምት 24

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ ፎቶ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም እትዬንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ምርቃትዎም ደርሶኛል፣ ከክፉ ሰውም ከርካሽ ሌንስም እስካሁን ተሰውሬያለሁ። ወረቀቱን ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

እትዬ እውነታቸውን ነው፤ የሠርግ ካሜራ አይደለም። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ጥቁር ነው። ፎቶ የሚያጥቡበትን የእርስዎን ጨለማ ክፍል ይመስላል፣ የሚጎድለው የኬሚካሉ ሽታ ብቻ ነው። መሃል ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ ተኝቷል፣ ከላዩ ካሜራዎች የተገጠሙበት ትልቅ መብራት ተንጠልጥሏል። የእኔ ሥራ መብራቱና ካሜራዎቹ እንዳይዋሹ መፈተሽ ነው።

ልጅ ሳለሁ ፍላሹን አስይዘውኝ፣ «አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን እዪ፣ ደግሞ በሌላው» ያሉኝን ያስታውሳሉ? ጣቴ ቦታ ቀየረች ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ዓይን የተሰጠሽ ርቀት እንድታውቂበት ነው» አሉኝ። መሣሪያው ከዚያ ያለፈ ተአምር የለውም። ሐኪሟ አጥንቱን ስትገልጠው መብራቱ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ይጥልበታል። አጥንት ጉብታና ስርጉድ ስላለው መስመሮቹ ላዩ ላይ ይጎብጣሉ። ካሜራዎቹ የት እንደጎበጡ አይተው የአጥንቱን መልክ ያውቃሉ። ያ መልክ አስቀድሞ ከተነሣው ሲቲ ስካን ጋር ይገጣጠማል፤ ላዩን ካሜራው አይቶታል፣ ውስጡን ስካኑ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሐኪሟን መሣሪያ እየተከተለ ጫፉ አጥንቱ ውስጥ የት እንደደረሰ በስክሪን ያሳያታል። ብሎኑ የሚገባበት የአጥንት መንገድ ጠባብ ነው፣ ነርቭም አጠገቡ ያልፋል። መሪ የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ እባክዎ ይታከሙ። አጥንት የተጫነው ነርቭ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እግርዎ ላይ መደንዘዝ አለ? ይህን አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ፍላሽ


ታኅሣሥ 18

ለውድ ፍላሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ውሎሽን የተቃና ያድርግልሽ። መልስ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የመታወቂያ ፎቶ ፈላጊ በሩን ሊገነጥለው ደርሷል።

ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ወዲያው ገባት፤ እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ሐኪሟ ጀርባዬን ከፍታ ስታበቃ ዓይኗን ከእኔ ነቅላ ቴሌቪዥን ልታይ ነው? እኔ እኮ ጸጉር አስተካካይ ምላጭ ይዞ ቴሌቪዥን ሲያይ ከወንበር የምነሣ ሰው ነኝ! ደግሞስ ስካኑን ስነሣ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፣ ስትሠራኝ በሆዴ ልታስተኛኝ ነው። ሰው ሲገለበጥ ያው ሰው ነው? ደንበኛ ወንበር ላይ ትንሽ ዞር ሲል ሌላ ሰው ሲሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ እግሬ ለጠየቅሽኝ፣ እግሬ እግር ነው። ከሁለቱ አንዱም አልጠፋም።

ወረቀቱ አይቸኩልም። ይልቅ ሰፋ ያለ የወገብ ቀበቶ ፈልጊልኝ። ለአንድ ወዳጄም ጥሩ ምርኩዝ፤ ቀለል ያለ፣ እጀታው የማያንሸራትት። ወዳጄ ቁመቱ ልክ እኔን ነው የሚያክለው። ውጭ አገር ዘመድ ስለሌለው አዝኜለት ነው።

ሐሳብ እንዳይገባሽ ብዬ ፎቶ ልኬልሻለሁ። ሰሞኑን ስቱዲዮ ውስጥ፣ ነጩ ግድግዳ ፊት ቆሜ የተነሣሁት ነው። እስቲ እዪው፤ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብያለሁ። ብሎናቸውን ለሚያቃስተው በሬ ያቆዩልኝ።

አጎትሽ ጋሼ ፎቶ


ጥር 3

ለጋሼ፤

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ፎቶው ደረሰኝ። በጣም ያምራል። ኮቱ፣ የአንገትዎ አያያዝ፣ ከጎን የሚመጣው ብርሃን። ለሥራ ባልደረቦቼ «አጎቴ ነው» ብዬ አዞርኩት፣ ሁሉም ቁመናዎን አደነቁ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜው ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀና ባልኩ ቁጥር ግን ዓይኔ እርስዎን ትቶ ግድግዳው ላይ ይሄድብኛል። ጋሼ፣ ጥላዎ ጎብጧል።

እርስዎ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላዎ ያለው ጥላ ግን ዘሟል፣ አንድ ትከሻው ወርዷል፣ እጁንም የሆነ ነገር ላይ ደግፏል። ወንበር ይመስለኛል። ወንበሩን በብሩሽ አጥፍተውታል፣ ጥላው ግን ቀርቷል። ራስዎን በምላጭ ቆርጠው፣ አቃንተው ለጥፈው፣ ጠርዙን በብሩሽ አስማምተው እንደገና ፎቶ አንሥተውታል። የቆረጡበትን ቦታ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም፤ እጅዎ አሁንም ያው ነው። ግን እኔ እንጀራ የምበላው ብርሃን የት እንደጎበጠ አይቼ ነው፤ ይህን ደግሞ ራሴው ጽፌልዎት ነበር።

ያናደደኝ ውሸቱ አይደለም። ለስንቱ ሙሽራ ትከሻ ሲያቃኑ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሰውየውን ሲጨርሱ ወደ ጥላው ይዞሩ ነበር፣ እኔ ቤት እንሂድ ብዬ ሳለቅስ እንኳ ጥላውን ሳይጨርሱ አይነሡም። እርስዎ ጥላ አይረሱም። ይህኛውን የተዉት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መጨረስ ስላቃተዎት ነው። ይህ ሲገባኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ መገልበጥ ያሉት ልክ ነው። ሰው ሲገለበጥ አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው ትንሽ ይቀያየራሉ። አንዱ አጥንት ለብቻው ግን ቅርጹ ያው ነው። ስለዚህ ሐኪሟ እያንዳንዱን አጥንት ለየብቻ ከስካኑ ጋር ታገጣጥመዋለች።

ቀበቶውን አልልክም። ወዳጅዎንም ሰላም በሉልኝና፣ ምርኩዙን ትቶ ሐኪሟ ጋ ይመለስ በሉት።

ልጅዎ ፍላሽ


የካቲት 16

ለፍላሽ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ያዝሽኝ።

ደብዳቤሽን ለእትዬሽ አላነበብኩላትም። ራሷ ከኮቴ ኪስ አውጥታ አነበበችው፤ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሣ አድርጌ እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ ነበር የተነሣሁት፣ አታውቅም ነበር።

እውነቱ ይኸው። ግራ እግሬ አይታዘዘኝም። ጣቶቹን አንሣ ስለው ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ደረጃ ላይ ይጎተትብኛል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከነማጠቢያ ሳህኑ ወድቄያለሁ። ሐኪሟ «ከቆየ ነርቩ ላይመለስ ይችላል» ያለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያንን ነው ከደብዳቤዬ ቆርጬ ያወጣሁት። ፈራሁ፣ ፍላሽ። ካሜራ ኋላ መቆም ካልቻልኩ ምን ልሆን ነው? ሰው ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሣል፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አንሥቼ አላውቅም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ወረቀትም አይደለም፣ ቀበቶም አይደለም። መሣሪያችሁ ዋሽቶ ያውቃል? ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 20

ለውድ አጎቴ፤

ፈጣሪ ልብዎን ያበርታልኝ። የዘገየሁት ጽፌ ጽፌ እየቀደድኩ ነው፤ እያሳመርኩ ተቸገርኩ። ይኸኛው አላማረም፣ ስለዚህ ይህን እልካለሁ።

አዎ፣ ዋሽቶ ያውቃል።

አጥንቱ ላይ አንዲት ትንሽ መያዣ ትታሰራለች፤ ብርሃን የሚመልሱ ኳሶች አሏት። ካሜራው አጥንቱ የት እንዳለ የሚከታተለው እሷን እያየ ነው። ሲተነፍሱ አጥንቱ ከፍ ዝቅ ሲል እሷም አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች። በቅርቡ የፕላስቲኩን አከርካሪ ስንሞክር የጋዋኔ እጅጌ ነካትና ትንሽ ዞረች። አላወቅሁም። ስክሪኑ አልጮኸም፣ ቀይ መብራት አልበራም፣ ሥዕሉም እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ያምር ነበር። አጥንቱ ግን እዚያ አልነበረም። በዚያ ሥዕል ተመርቼ ብሎኑን ባስገባው በጎን ወጣ። ፕላስቲክ ስለሆነ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን እግርዎ ትዝ አለኝ። ያ ሥዕል እርስዎ የላኩልኝን ፎቶ ነበር የሚመስለው።

ግን የዚህንም ጥላ የምናይበት መንገድ አለ። ሐኪም ከእያንዳንዱ ብሎን በፊት የመሣሪያዋን ጫፍ በዓይኗ የምታየው የአጥንት ጉብታ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ስክሪኑን ታያለች። እዚያም ጫፉ ጉብታው ላይ ካረፈ ሥዕሉን አምና ትቀጥላለች። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ወይም አጥንት ውስጥ ከሰመጠ ታቆማለች፣ የብርሃን መስመሮቹም እንደገና ይጣላሉ። ስለዚህ ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ብቻ አታይም፤ እርስዎንም ታያለች። ሐኪምዎ ይህን ታደርግ እንደሆነ ራስዎ ይጠይቋት፣ አይፈሩ።

ከዚህ በላይ ቃል አልገባም። ማደንዘዣው፣ ደሙ፣ ቁስሉ የእኔ ሙያ አይደለም። የማውቀውን ግን አውቃለሁ፤ የእኔ ጀርባ ቢሆን እተኛለሁ።

ልጅዎ ፍላሽ


ሚያዝያ 8

ለፍላሽ፣ ዓይንሽ ይባረክ፤

ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። እትዬሽ እንዳላመልጥ በር ላይ ቁጭ አለች።

«ዶክተር፣» አልኳት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የስክሪኑን ጥላ ታያለሽ ወይ?»

«የምኑን ጥላ?» አለችኝ። ሰውየው አእምሮውንም ታሟል ብላ ሳትሆን አትቀርም። እኔም ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አነሣችና ጫፉን የጣቴ አንጓ ላይ አሳረፈች።

«እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ብሎን በፊት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ስትቸኩዪስ?»

«ስቸኩል ደግሞ ሁለት ጊዜ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ነገረዎት?»

«መብራቱን የምትፈትሸው የእህቴ ልጅ ናት» ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ።

«እንግዲያው ሰላም በሉልኝ» አለች፤ «ገመዱ አጭር ነው፣ ያስረዝሙልን በሏት።»

ወደድኳት። እዚያው ፈረምኩ። ቀኑ ተቆርጧል፤ ወሩ ሳያልቅ እገባለሁ።

እትዬሽ «እስቲ ለምንም ቢሆን አንድ ጥሩ ፎቶህን ምረጥ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ እሷም እንደገባኝ ገብቷታል። እምቢ አልኩ። ቀጥ ብዬ የተነሣሁት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው፣ ያለውም አንቺ ጋ ነው። ሌላ ሳልነሣ የትም አልሄድም።

ከአንቺ ምንም አልፈልግም። ጸልዪልኝ እንጂ።

አጎትሽ ጋሼ ፎቶ


ግንቦት 2

ለውድ አጎቴ፤

ይህን ስጽፍ ተነሥተው እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎት።

እትዬ ደውለው «ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቷል፣ ተኝቷል» አሉኝ። «እግሩስ?» አልኳቸው። «እሱ ራሱ ይጽፍልሻል» ብለው ስልኩን ዘጉት። ይህ ምን ማለት ነው? ደግ ከሆነ ለምን አልነገሩኝም? ክፉ ከሆነስ ምን ብለው ሊጽፉልኝ ነው? መልሼ ብደውል አያነሡም። እትዬ ስልክ የማያነሡ ሰው አይደሉም።

ሥራ ላይ የፕላስቲኩን አከርካሪ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ቀኑን ሙሉ የምፈትሸውን መብራት ደግሜ እፈትሻለሁ። አለቃዬ «ምን ነካሽ?» ሲለኝ «የታመመ ዘመድ አለኝ» ብቻ አልኩት። ገመዱን ግን አስረዝመነዋል፤ ይህን ለሐኪሟ ይንገሩልኝ።

ጋሼ፣ እግርዎ እንደነበረ ቢሆንም ይጻፉልኝ። ምርኩዙንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ለእርስዎ የማይሆን ከሆነ ለወዳጅዎ ይሆናል።

ልጅዎ ፍላሽ


ሰኔ 6

ለውድ ፍላሽ፣ ሰላምታዬ ከእናት ከአባትሽ ምርቃት ጋር ይድረስሽ፤

እትዬሽን አትቀየሚያት። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ይህ ወሬ በስልክ እንዲተንብኝ አልፈለግኩም፤ በእጄ ላደርስልሽ ብዬ ነው። ለመጻፍ ደግሞ መጀመሪያ መቆም ነበረብኝ፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ። እንዳስጨነቅኩሽ አሁን ነው የገባኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስነቃ ሐኪሟ ራስጌዬ ቆማለች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ «ጥላው ጎብጦ አገኘሁት» አለችኝ። ቃሉን ከእኔ ወስዳ! ሁለቱ ብሎኖች በደህና ገብተዋል። ሦስተኛውን ልታስገባ ስትል እንደ ልማዷ ጫፉን ጉብታው ላይ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ቁሙ» አለች። ከረዳቶቿ የአንዱ ክንድ ያቺን መያዣ ነክቷት ኖሯል፤ ማንም ልብ አላለም፣ ሥዕሉም እንደጻፍሽልኝ ጥርት ብሎ ያምር ነበር። መስመሮቹን እንደገና ጣሉ፣ ገጠመ፣ ቀጠሉ። አንቺ ባትጽፊልኝም ታደርገው ነበር፤ ሁልጊዜ ብላኛለች፣ አምኛታለሁ። አንቺ ባትጽፊልኝ ግን እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተኛም ነበር።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠችና «ጣትዎን ያንሡ» አለችኝ። አውራ ጣቴ ተነሣ። ሌሎቹም እያንገራገሩ ተከተሉት። እትዬሽ እግሬን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ደረጃ ላይ አሁንም ትንሽ ይጎተታል፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁሉም ላይመለስ ይችላል ተብያለሁ። ይሁን። ስቱዲዮውን ከፍቻለሁ። ቆሜ ነው የምሠራው፣ ሲደክመኝ አርፋለሁ። የገዛሽውን ምርኩዝ ላኪው፣ ወዳጄ ለደረጃ ይፈልገዋል። ወረቀቱንም አትርሺ፤ አሁን የምር እያለቀብኝ ነው።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። ስቱዲዮው በር አጠገብ ቆሜ፣ ምንም ሳልደገፍ የተነሣሁት ነው። ያነሣችው እትዬሽ ናት። እስከ ዛሬ ካሜራዬን አስነክቻት አላውቅም ነበር። ትንፋሽሽን ያዢ ብላት ካሜራውን ይዛ ዘመመች፣ ፎቶውም ዘሞ ወጣ፤ የራስ ጸጉሬንም ከፎቶው ቆርጣ አስቀረችው። እጄ እንደ ልማዱ ምላጩን አነሣ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት፤ አንድም ቦታ አልነካሁትም።

እንግዲህ ፈትሺው፣ ሥራሽ ነው። ማስመሪያሽን አውጥተሽ በሩን ለኪው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጥላዬን። ሦስታችንም እኩል ነው የዘመምነው።

አጎትሽ ጋሼ ፎቶ